ገንዘባችንን ተቀብሎ ጎጆአችንን ለሌላ ያከራየብን ሰውዬ፤ ለጥንቃቄ

ሰሜን ሸዋ ላይ ቅዳሜና እሁድን ለማሳለፍ ጎጆ የምትከራዩ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች ሆናችሁ ተሰባስባችሁ የምትሄዱ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። የተመለስነው ትናንት ማታ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም፤ አንዳንዱ ቃሌ ቢሻክር ይቅር በሉኝ። የቤቱን ስም እዚህ አላወጣም፣ አቤቱታ ልናስገባ ነው። ግን ዓይነቱን ታውቁታላችሁ።

ደብረ ብርሃንን አለፍ ብሎ፣ ሜዳው አልቆ መሬቱ ወደ ቆላ ከሚወርድበት አፋፍ ላይ ከተሠሩት የሣር ክዳን ጎጆዎች አንዱ ነው። ቲክቶክ ላይ ጭላዳው ሣር ሲነጭ፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር ሲነሣ፣ አንዲት ቆንጆ ልጅ ምድጃ ዳር ቡና ስታፈላ ታያላችሁ። ትደውላላችሁ። "ለዚያ ቅዳሜ አንድ ብቻ ናት የቀረችው፤ ሌላም ሰው እየጠየቀባት ነው" ይላችኋል። ሁልጊዜ አንድ ብቻ ናት የምትቀረው። ከዚያ የቴሌብር ቁጥር ይላክላችኋል፤ በድርጅት ሳይሆን በሰው ስም።

እኛ ሰባት ነን። ደብረ ብርሃን መምህራን ኮሌጅ አንድ ዶርም ውስጥ ያደግን ብል ይቀለኛል። ዛሬም የምንጠራራው በመጣንበት ከተማ ነው፤ ሞላሌ፣ ሮቢት፣ አለም ከተማ፣ እነዋሪ እያልን። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ፣ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ታርሞ ውጤት ከተሞላ፣ ባለችን ትንሽ ዕረፍት እንገናኛለን። ገንዘቡን ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ነው የምናዋጣው፤ የምትይዘው ሞላሌ ናት፣ ያኔም የሻይ ሳንቲማችንን የምትይዘው እሷ ነበረች። ባል ያላት ባሏን፣ ልጅ ያላት ልጇን ለዘመድ ትታ ትመጣለች። በዓመት ውስጥ ማንም "እማዬ" ወይም "ቲቸር" ብሎ የማይጠራን ይህን ጊዜ ብቻ ነው። አለም ከተማ የጀማን በረሃ ወርዳ ወጥታ፣ አዲስ አበባ አድራ ነው የምትደርሰን። እንዲህ ተለፍቶበት የሚመጣ ቅዳሜ መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው።

ዘንድሮ የፈለግነው ብዙ አልነበረም፤ ምድጃ ያለው አንድ ትልቅ ቤት። ሮቢት የቆላ ልጅ ናት፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ተማሪ እያለንም አልቻለችውም፤ ባለፈው ዓመት ሌሊቱን ሙሉ ስትንቀጠቀጥ ነው ያደረችው። 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የጥር ሌሊት ምን እንደሚመስል ያደረበት ያውቀዋል፤ ጠዋት ስትወጡ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ። ሰውዬው ሰባት አልጋና ምድጃ ያለው ጎጆ አለኝ አለ። ለቤቱ 21,000፣ ለአንድ የመንዝ በግ 16,000፣ በድምሩ 37,000 ብር። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ስንደርስ እንክፈል ብንል "በጉን ከገበያ የምገዛው በምን ልግዛው?" አለ። ተላከለት። ወዲያው ለሞላሌ የድምፅ መልእክት መለሰላት፤ "እህቴ፣ ምንም አታስቢ፣ ቤቱ የእናንተ ነው። እሳቱ ነድዶ፣ በጉ ታስሮ ነው የሚጠብቃችሁ። እንኳን እናንተ መምህራኖቹ!" ይህችን መልእክት ያዙልኝ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ከሩቁ የጎጆው ጭስ ይታያል፤ ሮቢት "እሳቱ ተለኩሷል!" ብላ መኪናው ውስጥ አጨበጨበች። በሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ ዘበኛ ግን ግራ ገብቷቸው "ልጆቼ፣ ማንን ፈልጋችሁ ነው? እንግዶቹ ጠዋት ገብተዋል'ኮ" አሉን። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው፣ ስብሰባቸውን ጨርሰው ሊዝናኑ የመጡ። በእኛ ጎጆ በር ላይ ጫማቸው ተደርድሯል።

እንግዳ መቀበያው ክፍል አንዲት ልጅ ስልኳ ላይ ተተክላ ተቀምጣለች። ስማችንን ነገርናት። ደብተሩን ገለጥ አድርጋ ጣቷን ከላይ እስከ ታች አወረደችና "የላችሁም" ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ሞላሌ የክፍያውን መልእክት ዘረጋችላት። ቀና ብላ ሳታየው "ኃላፊውን ጠብቁ" አለችን። ቆመን ጠበቅን። ወንበር ጠፍቶ አይደለም፤ ቦርሳዋና ጃኬቷ ተቀምጠውበታል።

ሰውዬው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ መጣ። የማን ሥጋ እንደሆነ ያኔ አላወቅንም። ሰላም አላለንም። በመካከላችን አልፎ፣ ከኋላችን ሻንጣ ተሸክሞ ወደ ቆመው ሹፌር ሄዶ እጁን ጨበጠውና "ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። እስቲ ለሴቶቹ አስረዳልኝ፤ ቤቱ ተይዟል፣ ከኋላ ሌላ ክፍል አለ" አለው። ሰባት ሰው ቆሞ! አስታውሱ፣ ልጁ የኮንትራት ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ያገኘነው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። "እኔ መኪና ነው የምነዳው፤ ገንዘብ የላኩልህ እነሱ ናቸው፣ እነሱን አናግር" አለው። እግዜር ይስጠው፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ሰው የሚመስል ቃል ከዘበኛውና ከእሱ በቀር አልሰማንም።

ያኔ ሞላሌ ስልኳን አወጣች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። የድምፅ መልእክቱን ከፈተችና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። "እህቴ፣ ምንም አታስቢ፣ ቤቱ የእናንተ ነው..." የራሱ ድምፅ፣ ያ ማር የሚያንጠባጥብ ድምፅ፣ ክፍሉን ሞላው። ልጅቷ እንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። እኔ አሁን ያፍራል ብዬ ፊቱን ነበር የማየው። ሰው የገዛ ቃሉን በሰው ፊት ሲሰማ ትንሽ መሬት መሬት ያያል ብዬ።

ሳቀ። "ይሄማ ለደንበኛ ሁሉ የምለው ነው" አለ።

በዚህም አላበቃም። "ደግሞ ዶርም አብረን ነው ያደግነው አላላችሁኝም? ለምዳችሁታል፤ ተጠጋግታችሁ እደሩ" አለን። ይህን የነገርነው በስልክ ነው፣ ደስ ብሎን፣ ሰባት አልጋ አንድ ላይ የፈለግነው ለምን እንደሆነ ይገባው ብለን። የወደድነውን ነገር አንሥቶ መልሶ ፊታችን ላይ ወረወረው። አለም ከተማ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እሷ ደግሞ በቀላሉ የምታለቅስ ሴት አይደለችም።

ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠየቅም አልደበቀም። "እነሱ ሦስት ሌሊት ነው የያዙት፣ ማታ ማታም ይጠጣሉ። እናንተ ቡናችሁንም ዳቦአችሁንም ይዛችሁ ነው የምትመጡት፤ ከእናንተ ምን አተርፋለሁ?" በቃ፣ ሒሳቡ ይሄ ነው። እኛ ገንዘባችንን ቀድመን የላክነው ሌላ የተሻለ ከፋይ እስኪመጣ ድረስ ቦታ እንድንይዝለት ኖሯል።

የኋላው ክፍል የተባለውን አየነው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለ የብሎኬት ክፍል፣ አራት አልጋ፣ ሦስት ብርድ ልብስ፣ ምድጃ የለም፣ ግድግዳው እርጥበት ይዟል። ብርድ ልብስ በሚመረትበት ከተማ ጎን ሦስት ብርድ ልብስ ለሰባት ሰው! ስንወጣ አጥሩ ላይ የተሰጣ የበግ ቆዳ አየን፤ ትኩስ ነው። እነዋሪ ወጥ ሠሪዋን "እናቴ፣ የኛ በግ የታለ?" ብላ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ደነገጠች። "የናንተ ነበር እንዴ? ጠዋት ለእንግዶቹ አረዱት'ኮ። ለእናንተ ዶሮ ይሠራ ብሎኝ ነበር፤ ዶሮው ግን እስካሁን አልመጣም።"

ገንዘባችንን መልስ አልን። አሁን ደግሞ ሕግ አዋቂ ሆነ፤ "ከወጣችሁ የሰረዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ ለሰረዘ ሰው የሚመለሰው የቤቱ ግማሽ ነው፣ እሱም በአሥር ቀን ውስጥ።" በጉስ? "በጉማ ታርዷል፤ የታረደ በግ ይመለሳል?" ልጅቷ በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። ደረሰኝ ስጠን ብንለው የለም፤ ሲከራከር ስሙን ብንጠይቀው "ለምን ፈለግሽው?" አለ።

ወጣን። ሹፌሩ ለመመለሻ ተጨማሪ አልጠየቀንም። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ አንድ ተራ ፔንስዮን ሦስት ክፍል አገኘን፤ ሮቢት የሞላሌን የመንዝ ባና ለብቻዋ ተጠቅልላ አደረች። እሁድ አንኮበር ወጥተን የነገሥታቱን ግቢ ፍርስራሽ ለማየት፣ ኪዳነ ምሕረትንም ለመሳለም ነበር ሐሳባችን፤ ማንም ልብ አልነበረውም፣ ቀረ። ስለዚህ ይህ ሰው ያጠፋብን 37,000 ብር ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ለመጠበቅ አንድ ዓመት አለ፣ አለም ከተማ ደግሞ ከወዲሁ "እኔ እንጃ" እያለች ነው።

አሁን ለእናንተ፣ ባጭሩ። አንደኛ፣ ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ አትላኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ሲተው የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል ይላል። ሙሉ ዋጋ ሲሆን ግን ቀብድ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል፤ ሰውዬው ግማሹን እምቢ ያለው ይህን አውቆ ይሁን ሳያውቅ እግዜር ይወቀው። ከፊሉን ብቻ ላኩ፣ ምክንያቱ ላይ "ቀብድ" ብላችሁ ጻፉ፣ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ እንጂ ወደ ግለሰብ አትላኩ። የሚሉትን ሁሉ በጽሑፍ ወይም በድምፅ አስቀሩት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በነጋዴው በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ከስድብም እንዲጠበቅ መብት ይሰጠዋል፤ "ሴቶቹን አስረዳልኝ" የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ይህን ጥቀሱለት፣ ባይፈራም ይስማው።

ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻውን እነዋሪ እየጻፈችው ነው። የድምፅ መልእክቱ በሰባታችንም ስልክ ላይ አለ። እዚያ አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ የከፈላችሁበትን መልእክት ይዛችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ከኛ ጋር አያይዘን እናስገባዋለን።