ባለ 12 ጫማው (ፉት) ዐፅምና ካርቶኑ ከአንድ ዓመት በኋላ

ሆም ዴፖ የተባለው የአሜሪካ የቤትና የግንባታ ዕቃ መደብር ይህን ለሃሎዊን፣ በጭምብልና በአስፈሪ ጌጥ ለሚከበረው በዓል፣ ደጅ ላይ የሚቆም ግዙፍ የፕላስቲክ ዐፅም ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በ299 ዶላር ወጥቶ ወዲያው ስላለቀ ብዙዎች ከሰው እጅ ለመግዛት ተገደዱ። እኔም ያኔ ሳይደርሰኝ ቀርቶ፣ ባለፈው ዓመት እዚሁ ሜሪላንድ ከአንድ ሰብሳቢ ገዛሁት። ሌላ ሻጭ ዐፅሙን ብቻ 80 ዶላር ቀንሶ ያቀርብ ነበር፤ እኔ ከነካርቶኑ የሆነውን መረጥኩ። ባለቤቴ «ለባዶ ካርቶን ነው ይህ ሁሉ ገንዘብ?» ማለቷ አልቀረም።

ስለ ዐፅሙ ብዙ አልልም። ቁመቱ ከ3 ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ ፕላስቲኩ ዝናቡንም ፀሐዩንም ችሏል። በዓይን ጉድጓዶቹ ውስጥ ያሉት ስክሪኖች ሲመሽ ግራ ቀኝ ሲያማትሩ የሰፈሩ ልጆች ይንጫጫሉ። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ግን እያማተበች በጓሮ በኩል ነበር የምትገባው።

የካርቶኑ ዋጋ የገባኝ ዐፅሙን ስናወርደው ነው። እግሩና ክንዱ፣ የጎድን አጥንቱና ዳሌው ተለያይተው አንዱ የሌላውን ክፍተት እየሞላ ካልገባ ክዳኑ አይገጥምም። የቀድሞው ባለቤት አደራደሩን ፎቶ አንስቶ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፎታል፤ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ያለዚያ ስንታገል እናድር ነበር። ብሎኖቹ፣ የማሰሪያ ገመዱና መመሪያውም እዚያው ስለከረሙ አንድም አልጎደለም። ሰብሳቢዎች አስቀድመው ስለ ካርቶኑ የሚጠይቁት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ካርቶኑን የጠበቀ ሰው ብሎኑንም ጠብቋል ተብሎ ይታመናል። ደግሞም ይህን የሚያህል ዕቃ ያለ ራሱ ካርቶን ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት መላክ ጭንቅ ነው፤ ገዢው መኪና ይዞ ካልመጣ ሽያጩ ከአካባቢ አያልፍም። ቤን ኩፐር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሃሎዊን ይሠራቸው በነበሩት የድሮ የልጆች አልባሳት ላይማ ነገሩ ይብሳል፤ ጭምብሉ በክዳኑ መስኮት እየታየ ይሸጥ ስለነበር ካርቶን የሌለው ግማሹ እንደጎደለ ይቆጠራል።

ለላቴክስ (ስስ ጎማ) ጭምብል ግን በካርቶን ማክረምን አልመክርም። ተጣጥፎ ከቆየ እጥፋቱ አይለቅም፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የእኔን በሰው ጭንቅላት ቅርጽ ላይ አጥልቄ ብርሃን በማይገባው ቀዝቃዛ ክፍል አኑሬዋለሁ፤ ካርቶኑ ለብቻው ተጣጥፎ ተቀምጧል።

የሚያማርረኝ ቦታው ነው። የዐፅሙ ካርቶን የጋራዡን አንድ ጎን ስለያዘ የልጄ ብስክሌት በረንዳ ላይ ያድራል። ካርቶን እርጥበት ይጠጣልና ከሲሚንቶው ወለል በእንጨት ርብራብ ከፍ አድርጌዋለሁ። ቴፕ ሲነሣ የላዩን ሥዕል ይዞ ስለሚላቀቅ የማስረው በጨርቅ ቀበቶ ነው። ባትሪዎቹን ሳላወጣ ደግሞ አልከድነውም፤ ከፈሰሱ የዓይኑን ሽቦ ይበሉታል።