ኮምቦልቻ የሚሸጠው የከረጢት ኖራ ለድሮ ድንጋይ ድልድይ ይሆናል?

ይሆናል። ለግድግዳ ቀለም ተብሎ የሚገዛው ነጭ ኖራ ለአሮጌ የድንጋይ ድልድይ ከሲሚንቶ ይሻላል። ጣጣው አመራረጡና አቦካኩ ላይ ነው።

የገጠር ቅስት ድልድይ ሲጎዳ ቶሎ የሚታሰበው ሲሚንቶ ነው፤ «ጥቁር ድንጋይ ምን ይሆናል?» ይባላል። ድንጋዩስ ምንም አይሆን፤ የሚጎዳው ግንቡ ነው። ቅስት ጭነት ሲያልፍበትና ሙቀት ሲፈራረቅበት በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል። ኖራ አብሮት እሺ ይላል፣ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው የክረምት ውሃ መውጫ ያጣና የውስጡን ሙሌት ያረሰርሰዋል፤ ያን ጊዜ የጎን ግድግዳው እንደ ሆድ ይነፋል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ በኖራ ተገንብቶ ዛሬም እግረኛ ያሻግራል።

ሱቅ ስትሄዱ ሎሚ ያዙ። ከኖራው ቆንጠር አድርጋችሁ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ከደፈቀ አየር መትቶት ወደ ድንጋይነቱ ተመልሷል፣ ለአጥር ቀለም እንጂ ለግንብ አይሆንም። የተቀደደና ሲጨብጡት ጓል ያለበት ከረጢትም ይቅር።

ዱቄቱን ደረቁን ከአሸዋ ጋር መደባለቅ የተለመደ ስህተት ነው። ከ24 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ እንደ ወፍራም እርጎ ሲሆን፣ 1 እጅ ኖራ ለ2.5 እጅ አሸዋ በባልዲ ስፈሩ። በኪሎ አይሆንም፣ ኖራ ቀላል ነው። የቦርከና ወንዝ አሸዋ ደለል ካለበት እጠቡት፦ ግማሽ ጠርሙስ አሸዋ በውሃ ናጡና አስቀምጡ፣ ከላይ የሚረጋውን ጭቃ ታያላችሁ።

የድሮውን ማያያዣ በመሮ ብቻ አውጡ፤ ግራይንደር የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። ጥልቀቱ የመጋጠሚያው ስፋት እጥፍ ይሁን፣ 2 ሳንቲም ከሆነ 4። አርጥቡ፣ በየንብርብሩ ጠቅጥቁ፣ ሰፊው ቦታ ላይ ጠጠር ሸጉጡ። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ቢያንስ ለሳምንት። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ስለሆነች ቶሎ ይደርቃል፤ ቶሎ የደረቀ ኖራ ደግሞ እንደ አመድ ይረግፋል። ሥራው ጥቅምት ላይ ቢጀመር በልግ ሳይመጣ ይጠነክራል። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፤ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡ።

በቅርስነት የተመዘገበ ድልድይ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ይቅደም። ዛፍ ሥር ከሰደደበት ወይም የውሃ መውረጃው ከተደፈነ መጀመሪያ እነሱ ይስተካከሉ፣ አለዚያ ኖራው በከንቱ ነው።

ለቅስቱና ለጎን ግድግዳው ከአምስት አራት እንሰጠዋለን። ውሃ ለሚነካው የድልድዩ እግር ግን ብቻውን ዜሮ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይጠነክርም። እዚያ 1 እጅ ኖራ፣ 1 እጅ በደንብ የተፈጨ የሸክላ ጡብ ዱቄትና 2 እጅ አሸዋ ይደባለቅ።