ኮቦቱልቦክስ በአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ፦ ጥንካሬው፣ ገደቡና የሚፈልገው ቅድመ ዝግጅት

ጎርፍ፣ ርዕደ መሬት ወይም ግጭት ሰዎችን ከቀያቸው በሚያፈናቅልባቸው የመጀመሪያ ቀናት የረድኤት ሠራተኞች ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋቸው ቁርጥ ያለ መልስ ነው፦ ስንት ሰው ተጎድቷል፣ የት ሰፍሯል፣ የሚጠጣውን ውኃ ከየት ያገኛል፣ ወዲያውኑ መታከም ያለበትስ ማን ነው? ይህን መረጃ በወረቀት ሰብስቦ፣ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦና አጣርቶ ለውሳኔ ማቅረብ ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር። በስልክ ወይም በኮምፒውተር ቅጽ እየተሞላ መረጃ የሚሰበሰብበት ኮቦቱልቦክስ (በአጭሩ ኮቦ) ይህን ጊዜ በእጅጉ ካሳጠሩት መሣሪያዎች አንዱ ሲሆን፣ በሰብዓዊ ድጋፍ ሥራ ላይ ከተሰማሩ የመረጃ ባለሙያዎች መካከል ስሙን የማያውቅ ማግኘት ያስቸግራል። በእኔ ግምገማ በዘርፉ ካሉት የመስክ መረጃ መሰብሰቢያዎች ይበልጥ እምነት የሚጣልበት እርሱ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ፍርድ የሚሠራው አደጋው ከመድረሱ በፊት ለተዘጋጀ ድርጅት ብቻ ነው። በአደጋው ማግስት አካውንት ከፍቶ ቅጽ መሥራት ለሚጀምር ቡድን ኮቦ ከወረቀት የተሻለ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ይብሳል።

መሣሪያው የተፀነሰው በሃርቫርድ ሂውማኒቴሪያን ኢኒሺየቲቭ ነው። ፓትሪክ ቪንክና ፉንግ ፋም የተባሉት ተመራማሪዎች በግጭት በተጎዱ አካባቢዎች ያካሂዷቸው የነበሩ ጥናቶች መነሻ ሆነውታል። በ2014 እ.ኤ.አ. ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮና ከኢንተርናሽናል ሬስኪዩ ኮሚቴ ጋር በመተባበር ለረድኤት ድርጅቶች እንዲውል ተደርጎ ቀረበ፤ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ራሱን በቻለ፣ ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት ይተዳደራል። በስልክ ላይ የሚሠራው ኮቦኮሌክት የተባለው መተግበሪያ የተገነባው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው ኦፕን ዳታ ኪት በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራም ላይ ነው። የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ለማንም ክፍት መሆኑና ቅጾቹ በኤክሴል የሚጻፉበት የኤክስኤልኤስፎርም ሥርዓት በሌሎች ተመሳሳይ መሣሪያዎችም መነበቡ ትልቅ ዋስትና ነው፤ ዛሬ የተሠራ ቅጽ ነገ ድርጅቱ መሣሪያ ቢቀይር እንኳ ከነጥያቄውና ከነሕጉ አብሮት ይሄዳል።

ኮቦን ለአስቸኳይ ጊዜ ተገቢ የሚያደርገው ዋናው ባሕርዩ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ፖርቶ ሪኮን በመታ ማግስት ከደሴቲቱ የሞባይል ማማዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአገልግሎት ውጪ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ በየመልሱ ሰርቨር የሚጠራ መተግበሪያ ከንቱ ይሆናል። ኮቦኮሌክት ግን ቅጹ አንድ ጊዜ ወደ ስልኩ ከወረደ በኋላ ጥያቄውን፣ ፎቶውንና የቦታ መጋጠሚያውን ስልኩ ላይ ያስቀምጥና ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። የቦታ መጋጠሚያው የሚገኘው በቀጥታ ከሳተላይት ስለሆነ የሞባይል መስመር አይፈልግም፤ ብቻ ስልኩ ከኔትወርክ የሚያገኘው እገዛ ሲቀር የመጀመሪያው ንባብ ስለሚዘገይ መረጃ ሰብሳቢው ሰማይ በሚታይበት ገላጣ ቦታ በትዕግሥት መቆም አለበት። የአካባቢውን ካርታም አስቀድሞ ስልኩ ላይ መጫን ይቻላል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ነገር ቅጹን ለማውረድ፣ የሰርቨሩን አድራሻና የይለፍ ቃሉን ለማስገባት፣ ካርታውን ለመጫን፣ መተግበሪያውን ራሱን ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። መሣሪያው ያለ ኔትወርክ የሚሠራው በኔትወርክ ጊዜ ለተዘጋጀ ሰው ነው። መተግበሪያው የአንድሮይድ ብቻ ነው፤ በአይፎን ወይም በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ኤንኬቶ የተባለውን የድረ ገጽ ቅጽ በብራውዘር ይጠቀማል። ይህኛውም ገጹ አስቀድሞ ከተከፈተ ያለ መስመር ይሠራል፤ ሆኖም መረጃው በብራውዘሩ ማኅደር ውስጥ ስለሚቀመጥ አንድ ሰው ማኅደሩን ቢያጸዳ ያልተላከው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ለመስክ ሥራ አንድሮይድ ስልክ መግዛቱ ይመረጣል።

ቅጽ አሠራሩ የኮቦ እውነተኛ ኃይል ያለበት ክፍል ነው። ለጀማሪ ጥያቄዎችን አንድ በአንድ እየመረጡ የሚደረድሩበት ገጽ አለ፤ ልምድ ያለው ባለሙያ ግን ቅጹን በኤክሴል ሉሆች ላይ ይጽፋል፤ በአንዱ ሉህ ጥያቄዎቹን፣ በሌላው የመልስ አማራጮቹን፣ በሦስተኛው ቅንብሩን። ጥቅሙ የሚታየው የሰብዓዊ ድጋፍ መለኪያዎች በቅጹ ውስጥ ሕግ ሆነው ሲገቡ ነው። ለምሳሌ የሰብዓዊ ድጋፍ ዝቅተኛ መስፈርቶችን የያዘው የስፊር መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል ይላል፤ ቅጹ የቤተሰቡን ብዛትና የሚቀዳውን ውኃ መጠን ተቀብሎ በዚያው በስልኩ ላይ ያካፍልና ከመለኪያው በታች የሆነውን ቤተሰብ ይለያል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚጠቀምበት የምግብ ፍጆታ ነጥብም እንዲሁ ነው፤ ባለፉት 7 ቀናት እያንዳንዱ የምግብ ዓይነት ስንት ቀን እንደተበላ ይጠየቅና እህል በ2፣ ጥራጥሬ በ3፣ ሥጋና ወተት በ4 እየተባዙ፣ ሌሎቹም በየክብደታቸው ይደመራሉ። ውጤቱ እስከ 21 ከሆነ ዝቅተኛ ይባላል፤ ከዚያ በላይ እስከ 35 ያለው የድንበር ላይ፣ ከ35 የሚበልጠው ደግሞ አጥጋቢ ነው። በወረቀት ላይ አንድ የደከመው ሠራተኛ «9 ቀን» ብሎ ቢጽፍ ስሕተቱ የሚታወቀው ቢሮ ከደረሰ በኋላ ነው፤ በኮቦ ግን ከ7 የሚበልጥ ቁጥር ቅጹ ራሱ አይቀበልም፣ ቤተሰቡም ገና ከፊት ለፊት ስላለ ጥያቄው ወዲያውኑ ይታረማል።

ይህ ሁሉ ግን በአደጋው ሌሊት ተቀምጦ የሚሠራ አይደለም። ከኮቦ ክፍሎች ውስጥ በቂ ትኩረት ያላገኘው የጥያቄ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ማለትም የተዘጋጁ ጥያቄዎች ደግመው እንዲያገለግሉ የሚቀመጡበት ክፍል፣ ነው ብዬ አምናለሁ። የአካል ጉዳት መለኪያዎችን በሚያዘጋጀው ዋሽንግተን ግሩፕ የቀረቡት ስለ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን መንከባከብና መግባባት የሚጠይቁት 6 ጥያቄዎች፣ የምግብ ፍጆታው ክፍል፣ የውኃና የመጠለያው ክፍል እያንዳንዳቸው ተተርጉመውና በሰው ላይ ተሞክረው በዚያ ቢቀመጡ አደጋ ሲደርስ የሚቀረው የቦታ ስሞችን ዝርዝር ማስገባትና የሚያስፈልጉትን ክፍሎች ማገጣጠም ብቻ ይሆናል። አንድ ቅጽ በርካታ ቋንቋዎችን ስለሚይዝና መረጃ ሰብሳቢው በአንድ ንክኪ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚሻገር፣ ትርጉሙን በሰላሙ ጊዜ በጥንቃቄ ማሠራት የሚክስ ወጪ ነው። የቦታ ስሞቹም ቢሆኑ ከታወቁ የአስተዳደር ኮዶች ጋር ተያይዘው ካልገቡ የአንዱ ድርጅት መረጃ ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ ተረጂው ሕዝብም ተመሳሳይ ጥያቄ በተለያዩ ድርጅቶች ደጋግሞ ይጠየቃል።

ድክመቶቹ የሚጎሉት መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። የቤተሰብ አባላትን አንድ በአንድ ለመመዝገብ የሚደጋገም የጥያቄ ክፍል ሲሠራ መረጃው በኤክሴል ሲወርድ በተለያዩ ሉሆች ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ሉሆቹን በመለያ ቁጥር መልሶ ማገናኘት የማይችል ሰው የሕፃናትን ብዛት በትክክል መቁጠር ይሳነዋል። በሥራ መካከል ቅጹን ማሻሻልም አደገኛ ነው። የአንድ ጥያቄ መጠሪያ ከተቀየረ የቀድሞውና የአዲሱ መልስ በሁለት ዓምድ ይቀመጣሉ፤ አዲሱን ቅጽ ያላወረዱ ስልኮች ደግሞ በአሮጌው መላካቸውን ይቀጥላሉ። በድረ ገጹ ላይ የሚታዩት ግራፎች ለፈጣን ቅኝት ይበቃሉ እንጂ ለሪፖርት አይሆኑም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የተረጂዎች መረጃ ጥበቃ ነው። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሰርቨሮች ተጠልፈው ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ መጋለጡ ይፋ ሆነ፤ ብዙዎቹ ከቤተሰባቸው የተለያዩ፣ የጠፉ ወይም የታሰሩ ሰዎች ነበሩ። ጥቃቱ ከኮቦ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ነገር ግን እጅግ ጠንቃቃ የሆነ ተቋም እንኳ ሊደፈር እንደሚችል አሳይቷል። ኮቦ ቅጾችን በኢንክሪፕሽን የመቆለፍ አማራጭ አለው፤ ቅጹ ተሞልቶ እንደተጠናቀቀ ስልኩ ላይ ይቆለፋል፣ ሰርቨሩ ላይም ማንም አያነበውም፣ የሚከፈተው ቁልፉን በያዘው ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ዋጋውም ከባድ ነው፤ በድረ ገጹ ላይ መረጃውን ማየት፣ ማረምና በካርታ ማሳየት ይቀራል፣ ቁልፉ ከጠፋም መረጃው ለዘለዓለም ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ የትኛው ቅጽ ይቆለፍ፣ ቁልፉ በማን እጅ ይሁን የሚለው አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት። ያለ ይለፍ ቃል መረጃ መቀበል የሚያስችለው አማራጭ ለጥድፊያ ጊዜ ያጓጓል፤ ሆኖም አድራሻው የደረሰው ማንኛውም ሰው የፈለገውን መላክ ስለሚችል በግጭት አካባቢ ፈጽሞ አልመክረውም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የተለየ አካውንት ከፍቶ ሌሎች የላኩትን እንዳያይ መገደብ ይቻላል፤ ይህ ጥቂት ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው፣ ሊታለፍ አይገባም።

ከአዳዲሶቹ ቴክኖሎጂዎች መካከል ወደ ኮቦ የገባው የተቀዳ ድምፅን በራስ ሰር ወደ ጽሑፍ መቀየርና መተርጎም ነው። ሐሳቡን በሙሉ ልብ እደግፈዋለሁ፤ የተጎዳ ሰው ችግሩን በራሱ አንደበት ሲናገር ከአማራጮች ዝርዝር የማይገኝ ነገር ይሰማል። ነገር ግን የንግግር መለያ ሥርዓቶች የሚበረቱት ብዙ የድምፅና የጽሑፍ ክምችት ባላቸው ቋንቋዎች ነው፤ አደጋ የሚበዛባቸው ማኅበረሰቦች ቋንቋዎች ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ውስጥ አይደሉም። ስለዚህ ማሽኑ ያወጣውን ጽሑፍ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሳያነበው ለውሳኔ ማዋል ተገቢ አይደለም። ድምፁ ወደ ውጫዊ የንግግር መለያ አገልግሎት የሚሄድ መሆኑም ከተናጋሪው ፈቃድ ሲጠየቅ ሊነገረው ይገባል።

ኮቦ የዳሰሳ መሣሪያ እንጂ የተረጂዎች መዝገብ አይደለም። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መመዝገቡን በራሱ አይለይም፣ የእርዳታ ክፍፍልን ወይም ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ጉዳይ ለወራት ለመከታተልም አልተሠራም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የየሰውን ጉዳይ ለመከታተል የሚያገለግሉትን ፕሪሜሮን ወይም ኮምኬርን መመልከት ይሻላል።

በነፃ የሚሰጠው አገልግሎት በወር የሚላኩ ቅጾች ብዛትና የማከማቻ ቦታ ገደብ አለው። በሰላሙ ጊዜ የሚበቃ የሚመስለው ገደብ ፎቶ በበዛበት የአደጋ ሳምንት በፍጥነት ስለሚሞላ ድርጅቱ የትኛው የክፍያ ደረጃ እንደሚያስፈልገው ቀድሞ ማወቅና በጀቱን ማስጸደቅ አለበት። ምንጩ ክፍት በመሆኑ ኮቦን በራስ ሰርቨር ላይ መትከልም ይፈቀዳል፤ መረጃቸው ከአገር እንዳይወጣ ሕግ የሚያስገድዳቸው ተቋማት ይህን ይመርጣሉ። ነገር ግን ሰርቨሩን የሚያድስ፣ የደኅንነት ክፍተቶችን የሚደፍን፣ ቅጂ የሚያስቀምጥና በእኩለ ሌሊት ሲቆም የሚነሣለት ባለሙያ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሰው ቀጥሮ ለማቆየት አቅም የሌለው ድርጅት በኮቦ ሰርቨር ላይ ቢቆይና ገንዘቡን ለስልኮች፣ ለፓወር ባንኮችና በየጊዜው ኔትወርክ ተዘግቶ ለሚደረግ የመስክ ልምምድ ቢያውለው ይበልጥ ይጠቀማል።