ለዳቦ ቤቴ የጀልባ ጄኔሬተር ሸጡልኝ፤ እናንተ ተጠንቀቁ

ሱሉልታ ውስጥ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። መብራት ሲጠፋ ሊጡ እንዳይበላሽብኝ ለዓመታት የተማመንኩበት የናፍጣ ጄኔሬተር ነበረኝ። አንድ ቀን ሞተሩ ደህና እየዞረ ኃይል መስጠት አቆመ። ጄኔሬተር የሚጠግንም የሚሸጥም ሰው ጠራሁ። ክዳኑን ከፍቶ አየና «ኮይሉ (የመዳብ ሽቦ ጥቅሉ) ተቃጥሏል፣ ማስጠምዘዙ አያዋጣህም» አለኝ። መለኪያ እንኳን አላወጣም። አሮጌውን በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተረክቦ፣ ልዩነቱን አስከፍሎ «ከውጭ የመጣ፣ ብዙ ያልሠራ» ያለውን ነጭ ጄኔሬተር አመጣልኝ።

ራዲያተር የለውም። ስጠይቀው «ይህ በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው» ብሎ ባለ 200 ሊትር በርሜል አጠገቡ አቁሞ በጎማ ቱቦ አገናኘው። ማቡኪያው ከልክ በላይ ፈጥኖ ይሽከረከር ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ በርሜሉ ይጨስ ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተቃጠለ።

ቀድሞ ወደብ ላይ የሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ለምኜ አመጣሁ። ገና ሲያዩት «ልጄ፣ ይህ እኮ የጀልባ ነው» አሉኝ። የጀልባ ጄኔሬተር የባሕር ውሃ እየሳበ ሙቀቱን መልሶ ወደ ባሕር ይጥላል፤ ስለዚህ ራዲያተርም ማራገቢያም አይሠራለትም። ጭሱም ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ እንዲወጣ የተበጀ ነው። በርሜል ባሕር አይሆንም፤ በዚያ ላይ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው አካባቢያችን ውሃ 92 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። የሙቀት መለዋወጫውን ሲፈቱት ቱቦዎቹን ጨው በልቷቸዋል። በቀለም የተሸፈነውን የስም ሰሌዳ ሲፍቁት ደግሞ 60 ሄርዝ (የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ በሰከንድ)፣ በደቂቃ 1,800 ዙር ይላል። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ፣ ማለትም ለእንዲህ ዓይነቱ ጄኔሬተር 1,500 ዙር ነው። የማቡኪያው ፍጥነት ከዚህ የመጣ ነበር።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ገንዘቤን ልጠይቅ ወደ ሰውየው ግቢ ስሄድ አሮጌው ጄኔሬተሬ አምፖል እያበራ ለገዢ ሲታይ አገኘሁት። የተቀየረለት ኤቪአር የሚባለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው፤ በአንድ እጅ የሚያዝ ዕቃ!

ሞተሩ እየዞረ ኃይል ከጠፋ መጀመሪያ ይህ መቆጣጠሪያ፣ ዳዮዶቹ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) እና፣ ካሉት፣ ካርቦኖቹ (የሚሽከረከረውን ክፍል የሚነኩት ብሩሾች) ይታዩ። ብዙ ጊዜ ቆሞ ከነበረም በውስጡ የሚቀረው የማግኔት ኃይል ጠፍቶ ይሆናል፤ ያን ባለሙያ በ12 ቮልት ባትሪ ይመልሰዋል። ኮይል መቃጠሉ ሜገር በሚባለው የሽቦ መከለያ መለኪያ ተለክቶ፣ ቁጥሩን በዓይናችሁ አይታችሁ ይሁን። የሚለካውም ሌላ ጄኔሬተር የማይሸጥላችሁ ኮይል ጠምዛዥ ይሁን። መቀየሩ ግድ ከሆነ ራዲያተሩን እዩ፣ ሰሌዳውን አንብቡ፣ ጭነታችሁን አገናኝታችሁ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ አሠርታችሁ ሞክሩት። ከፍታው የሞተሩን ጉልበት ስለሚቀንሰው ሰሌዳው ላይ ያለውን ኪሎዋት ሙሉ በሙሉ አትጠብቁ።

ደረሰኙ ላይ የሞዴልና የሞተር ቁጥሩ፣ ሄርዙ እና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ። የእኔ ደረሰኝ «ጄኔሬተር 1» ብቻ ስለሚል ሰውየው እስከ ዛሬ «የጀልባ አይደለም ብዬ አልሸጥኩልህም» እያለ ይከራከረኛል።