«በዛሬው ዕለት በሙዚቃ ታሪክ» የሚለውን አፕ በኦገስት 16 ፈተንኩት

በየማለዳው «በዛሬው ዕለት በሙዚቃ ታሪክ እንዲህ ሆኖ ነበር» እያሉ መልእክት የሚልኩ የስልክ አፖች በዝተዋል። እኔም አንዱን እጠቀማለሁ። አሠራራቸው ስለሚመሳሰል ስሙን ትቼ ስለ ሥራው ላውራ። ሙዚቃ የምትወዱ ከሆነ ጫኑት። ጠዋት ከዜና በፊት ቢከፈት የማያስቆጭ ነገር ነው። ጉድለቱ ግን ቀላል አይደለም፣ እሱንም ሳልሸፋፍን እነግራችኋለሁ።

እንዲህ ያለውን አፕ ለመፈተን አንድ ቀን መርጦ እስከ ታች ማንበብ ነው የሚሻለው። እኔ ኦገስት 16ን መረጥኩ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። 1938፣ የብሉዝ ጊታሪስቱና ዘፋኙ ሮበርት ጆንሰን ሞተ። 1958፣ ማዶና ተወለደች። 1962፣ ከበሮ መቺው ፒት ቤስት ከቢትልስ ተባረረ። 1969፣ የዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ሁለተኛ ቀን። 1977፣ ኤልቪስ ፕሪስሊ አረፈ። 2018፣ የሶል ዘፋኟ አሪታ ፍራንክሊን አረፈች። ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን!

አፑ አንዱንም አላስቀረም፣ በዚህ በኩል ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። የጃዝ ፒያኒስቱ ቢል ኢቫንስ በ1929 በዚሁ ቀን መወለዱን እንኳ አልረሳም። እውነት ለመናገር ደስ ነው ያለኝ፣ ምክንያቱም እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ላይ ጃዝ ብዙ ጊዜ ተዘሎ ነው የሚታለፈው። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን የማዳመጫ ምልክት አለ። ስትነኩት ዘፈኑ ወዲያው ይጀምራል።

ግን መስመሮቹን ይደረድራቸዋል እንጂ አያገናኛቸውም። ትልቁ ቅሬታዬ ይሄ ነው። ኤልቪስ የሞተው ሜምፊስ፣ ግሬስላንድ በሚባለው ቤቱ ነው፣ በ42 ዓመቱ፤ በማግስቱ ሜይን ግዛት ፖርትላንድ ውስጥ ኮንሰርት ነበረው። አሪታ ደግሞ በ76 ዓመቷ ያረፈችው ዲትሮይት ይሁን እንጂ በ1942 የተወለደችው እዚያው ሜምፊስ ነው። ሮበርት ጆንሰንም ከልጅነቱ የተወሰነውን ያሳለፈው ሜምፊስ ነው። እሱ ሚሲሲፒ ውስጥ በ27 ዓመቱ ሲሞት ኤልቪስ በዚያው ግዛት ቱፔሎ የምትባል ከተማ ውስጥ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። ቀናቸው መግጠሙ አጋጣሚ ነው፣ ቦታው ግን አጋጣሚ አይደለም። ከሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ተነስቶ፣ አንዳንዱም በሜምፊስ በኩል አድርጎ፣ ወደ ሰሜን ከተሞች የፈለሰው ጥቁር ሕዝብ ሙዚቃውንም ይዞ ነው የሄደው። የአሪታ አባት፣ ሰባኪው ሲ ኤል ፍራንክሊን፣ ራሳቸው ሚሲሲፒ ተወልደው፣ ሜምፊስ ሰብከው፣ በኋላ ዲትሮይት የገቡ ሰው ናቸው። ብሉዝ፣ ሮክ ኤንድ ሮልና ሶል በአንድ ገጽ ላይ ተቀምጠው አፑ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ኖሮ አንባቢው ስንት ነገር ይገባው ነበር።

የሮበርት ጆንሰን መስመር ሌላም ችግር አለበት። «ተመርዞ ሞተ» ይላል፣ በቃ። መመረዙ በሰፊው የሚወራ ታሪክ ነው፣ ግን አልተረጋገጠም። በሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ የሞቱ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ የሰፈረው ሐኪም አልነበረም የሚል ቃል ነው። መቃብሩም ቢሆን የት እንደሆነ ሲያከራክር ኖሮ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ሐውልት ቆሞለታል። እርግጠኛ የሆነውን ነገር ደግሞ አፑ ዘሎታል። ሰውየው በ1936 እና በ1937 የቀዳቸው ዘፈኖች 29 ብቻ ናቸው። በ1938 መጨረሻ ፕሮዲውሰሩ ጆን ሃመንድ ኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ለሚያዘጋጀው ኮንሰርት ሲያፈላልገው ነው መሞቱን የሰማው፣ ከዚያም በሰውየው ፈንታ ሸክላው መድረክ ላይ ተሰማ። በ1961 ዘፈኖቹ በአልበም ተሰብስበው ሲወጡ ደግሞ እንግሊዝ ያሉት ወጣት ጊታሪስቶች እነ ኤሪክ ክላፕተን አበዱለት። ሰው ይሄን እያወቀ እንዴት መርዙን ብቻ ይጽፋል?

ከሁሉም ያናደደኝ ግን የፒት ቤስት ነው። ተባረረ፣ በሪንጎ ስታር ተተካ፣ አለቀ። እስቲ አስቡት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከነሱ ጋር ከበሮ የመታ ሰው ነው፣ ሃምቡርግ ውስጥ እስከ ሌሊት በሚጫወቱበት በዚያ በችግሩ ጊዜ አብሯቸው የነበረ። በጁን 1962 ለንደን ስቱዲዮ ሲገቡ ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲን አመታቱን አልወደደለትም። ኦገስት 16፣ ሐሙስ ዕለት፣ ማናጀራቸው ብራያን ኤፕስታይን ቢሮው ጠርቶ አሰናበተው። ጆን፣ ፖልና ጆርጅ እዚያ አልነበሩም። ፊት ለፊት የነገረው ከጓደኞቹ አንድም የለም። ሪንጎ ከሁለት ቀን በኋላ ቦታውን ያዘ። የሊቨርፑል አድናቂዎች እንዴት ተደርጎ ብለው ተነሱ፣ ካቨርን ክለብ በነበረው ግርግርም ጆርጅ ሃሪሰን ዓይኑ ላይ ተመቶ ጠቆረ። ሪንጎም ቢሆን አልተመቸውም። በሴፕቴምበር ለመጀመሪያው ሸክላ ሲቀዱ ስቱዲዮው አንዲ ዋይት የሚባል ሌላ ከበሮ መቺ አምጥቶ ሪንጎ ለዚያ ቅጂ ታምቡሪን ይዞ ቀረ። ፒት ቤስትን ግን በ1995 የቡድኑ የድሮ ቅጂዎች ተሰብስበው ሲወጡ፣ እሱ የመታባቸው ዘፈኖች ስለገቡ ገንዘቡ ደረሰው። አንጀቴን ያራሰኝ ይሄ ነው፣ አፑ ላይ ግን የለም።

ዉድስቶክ ላይ ደግሞ የቀን ስህተት አለ። ሳንታና ቅዳሜ ኦገስት 16 ከሰዓት በኋላ መጫወታቸው ልክ ነው። አልበማቸው ገና ሳይወጣ፣ ከበሮ መቺው ማይክል ሽሪቭ ገና 20 ዓመቱ ሆኖ፣ ብዙ ሰው የማያውቃቸው ልጆች ያን ሁሉ ሕዝብ አስነሱት። ማዳመጫውን ነክታችሁ ሽሪቭ ብቻውን የሚመታበትን ቦታ ስሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እጁን ሲያለሰልስና ቀስ በቀስ መልሶ ሲያነሳው። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ዘ ሁም በዚሁ ቀን ስር ተጽፈዋል። ግን ፕሮግራሙ ተንዛዝቶ መድረክ የወጡት እሑድ ሊነጋጋ ሲል ነው፣ ያ ማለት 17 ነው። ቀንን ዋና ሥራዬ ብሎ የያዘ አገልግሎት እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማጣራት አለበት። ዘፈን የተቀዳበትንና የወጣበትን ቀን ማምታታትም ይወዳል። ለምሳሌ ኤልቪስ ለሸክላ አሳታሚው ሰን ሪከርድስ የመጀመሪያውን ሸክላ የቀዳው ጁላይ 5፣ 1954 ነው፣ ገበያ የወጣው ግን ጁላይ 19። አፑ ሁለቱንም ቀን «ጀመረ» ይላል።

ስለ ማዶና ብዙ የምለው የለኝም፤ መወለዷንና በ1985 በልደቷ ቀን ተዋናዩን ሾን ፔንን ማግባቷን ጽፏል። ለወንዶቹ ሥራቸው፣ ለእሷ ሰርጓ። ይሄ ቢታረም ጥሩ ነው።

አሪታ ጋ የማዳመጫው ምርጫ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዘፈን ነው። እኔ ብሆን በጃንዋሪ 1967 አላባማ፣ መስል ሾልስ የቀዳችውን አስቀምጥ ነበር። ከዚያ በፊት ለዓመታት በሌላ ኩባንያ ስር የሚያምር ግን የማይመጥናት ነገር ስትዘፍን ከቆየች በኋላ፣ እዚያ ራሷ ፒያኖ ላይ ተቀምጣ ነው የዘፈነችው። ልዩነቱን ለመስማት የሙዚቃ ሰው መሆን አያስፈልግም።

የሚከፈልበት ዓይነትም አለው። ማስታወቂያውን ያጠፋል፣ የስክሪን ቀለም ያስመርጣል፣ ጽሑፉ ግን ያው ነው። ስለዚህ ነፃውን ጫኑ። ማለዳ የሚመጣውን መልእክት በማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ወደ ማታ አዙሩት፣ ምክንያቱም አንዱን መስመር ይዞ ለመቆፈርና ሙሉ አልበም ለመስማት ማታ ነው ጊዜ የሚገኘው።