የእናቴን እጅ ላስተዋለችልን ባለሙያ ምስጋና፤ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ ከስትሮክ በኋላ እጁ አልታዘዝ ያለው ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን አንብቡልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እናቴን የምትረዳ አንዲት የእጅ ቴራፒ ባለሙያ አለች። ስሟን በአደባባይ እንዳላነሳ አደራ ብላኛለች፤ ሳላመሰግናት ዝም ማለት ግን አቃተኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣት!

ስትሮኩ የእማዬን አንጎል የመታው በግራ በኩል ስለነበር የተጎዳው ቀኝ እጇ ነው። ከዚህ በፊት የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፤ አንጀቴ ግን እስካሁን አልቀዘቀዘም። አንዱ ቦታ አስተርጓሚ ጥሩልን ስንል ገና ተማሪ የሆነችውን ልጄን «እሷ ታስተርጉም» አሉን። ሕፃን ልጅ ለአያቷ «እጅሽ ላይድን ይችላል» ብላ ትንገራት? ሌላው ቦታ ደግሞ «ክንድሽን አንሺ» ይሏታል፣ ታነሳለች፤ «ኩባያ ያዢ» ይሏታል፣ ትይዛለች። ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጉና «በጣም ጥሩ» ብለው ይሸኙናል። ቤት ስንገባ ያ እጅ ነጠላዋ ውስጥ ይሸጎጣል፣ አይወጣም። ብንናገር ማን ሰምቶን! በመጨረሻ «ከዚህ በላይ ለውጥ አትጠብቁ» ተባልን።

ይህች ባለሙያ ከሁሉ አስቀድማ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠራች። (ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ሳታፍሩ ጠይቁ።) ቀጥላ የእጅ ሰዓት የሚመስሉ ሁለት ሴንሰሮች አውጥታ በእማዬ ግራና ቀኝ አንጓ ላይ አሰረችና «እነዚህን አድርገው እንደወትሮዎ ይዋሉ» አለቻት። ውስጣቸው ምን እንዳለ አልገባኝም፤ ብቻ እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከነሰዓቱ ይመዘግባሉ።

ስንመለስ ኮምፒውተሩ ላይ ግራፉን አሳየችን። ጤነኛ ሰው በቀን ውስጥ ሁለቱን እጆቹን ከሞላ ጎደል እኩል ያንቀሳቅሳል አሉ። የእማዬ ግራ እጅ እንደ ስሜን ተራሮች ሲቆለል ቀኙ ለጥ ያለ ሜዳ ነበር። ባለሙያዋ አልተቆጣችም። እጅ እየቻለ አእምሮ መጠቀሙን የሚረሳበት ጊዜ እንዳለ፣ ይህንንም አላባማ ውስጥ ኤድዋርድ ታውብ የሚባሉ ተመራማሪ በሰፊው እንዳጠኑት አስረዳችን።

ከዚያ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች። «በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ቀኝ እጅዎ ይንቀሳቀሳል። ምን እያደረጉ ነው?»

እማዬ አንገቷን ደፋች። ቆይታ «ሳማትብ ነዋ» አለች። እኛ ሁላችንም ተኝተን ስለምንሆን ማናችንም አናውቅም ነበር! ባለሙያዋ እንድታሳያት ጠየቀቻት። እማዬ ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ ከግንባሯ ወደ ደረቷ፣ ከደረቷ ወደ ትከሻዋ አደረሰች። ያቺ ባለሙያ እምነታችንን አታውቀውም፤ ግን ወንበሯን ስባ ተጠጋችና በአክብሮት እስከ መጨረሻው ተመለከተች። «ትከሻ ላይ የሚደርስ እጅ ኩባያም አፍ ያደርሳል፤ ከዚሁ እንጀምራለን» አለች። ስንት ባለሙያ አይተናል፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀን አልነበረም።

ልምምዱ ከዚያ ተነሳ። ግራ እጇን በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት በወፍራም ጓንት ሸፍና በቀኟ እንድትሠራ፣ ውሃ በተሞላ ጀበና ሲኒ ላይ መቅዳት እንድትለማመድ አደረገቻት። ሴንሰሩ በየጊዜው ሲታሰር ያ ሜዳ ጉብ ጉብ ማለት ጀመረ። ዛሬ እማዬ ቡና ራሷ ትቀዳለች። ረከቦቱ ላይ ይፈስሳል፤ ይፍሰስ!

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሴንሰሩ በራሱ አያድንም። ስንራመድ የሚወዛወዘውን ክንድም አብሮ ስለሚቆጥር ግራፉን የሚያነብ አስተዋይ ሰው ያስፈልገዋል። እኔ የማመሰግነውም ማሽኑን ሳይሆን እሷን ነው።

ሂዱ፣ አትዘግዩ፣ «ለውጥ የለም» ተብላችሁም ቢሆን ሂዱ። አድራሻውን ለምትፈልጉ በውስጥ እልክላችኋለሁ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ኢንሹራንሳችሁ እንደሚሸፍን አረጋግጡ፣ ቀጠሮ ስትይዙም የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ያኔውኑ ተናገሩ።