የሪደክስ ቱልኪት ኢንቲቲ አዳፕተር፦ አሬይም ኦብጀክትም ለሚፈልግ ዝርዝር

በሪአክት (የድረ ገጽ ገጽታ መሥሪያ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ዝርዝር የሚያሳይ ሰው ዳታውን በአሬይ (በተራ የተደረደረ ዝርዝር) ይያዝ ወይስ በኦብጀክት (እያንዳንዱ ዕቃ በቁልፍ የሚገኝበት) የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። የአፕሊኬሽን ዳታን በአንድ ቦታ የሚያስተዳድረው ላይብረሪ የሪደክስ ቱልኪት "ክሪኤት ኢንቲቲ አዳፕተር" ሁለቱንም ይይዛል፦ ቅደም ተከተሉን፣ ማለትም የዕቃዎቹን መለያ (አይዲ) በተራ፣ "አይዲስ" በሚባል አሬይ፣ ዕቃዎቹን "ኢንቲቲስ" በሚባል ኦብጀክት። ሐሳቡ አንጉላር ለሚባለው ሌላ ማዕቀፍ ከተሠራው ኤንጂአርኤክስ ላይብረሪ የተወሰደ ነው፤ ቱልኪቱ ውስጥ የገባው በ2020 እ.ኤ.አ. ሲሆን በነፃ ይገኛል።

ኦብጀክት ብቻውን ለዝርዝር የማይታመነው በቁጥር ቁልፎች ምክንያት ነው። ሰርቨሩ በመጨረሻ የተሻሻለውን የግዢ ትዕዛዝ አስቀድሞ አይዲዎቹን 205፣ 31፣ 118 ብሎ ይልካል እንበል። አይዲውን ቁልፍ አድርጋችሁ ኦብጀክት ውስጥ ከከተታችሁት፣ ጃቫስክሪፕት መልሶ የሚሰጣችሁ 31፣ 118፣ 205 ነው። ኤረር አይወጣም፤ ደንበኛው ብቻ አሁን ያስተካከለው ትዕዛዝ ለምን ታች እንደወረደ ይጠይቃል። ቁልፉ ፊደል የተቀላቀለበት ሲሆን የገባበት ተራ ስለሚጠበቅ፣ በሙከራ ዳታ ላይ ሁሉም ሰላም ይመስላል። አሬይ ብቻውን ደግሞ ተራውን ይጠብቃል፣ ግን አንዱን ዕቃ ለማግኘት ከመጀመሪያው ጀምሮ ማሰስ ያስፈልጋል። 50 መስመር ላይ አይሰማም። 5000 መስመር ኖሮ እያንዳንዱ ዕቃውን ለመፈለግ "ፋይንድ" ሲጠራ ግን ገጹ መንቀራፈፍ ይጀምራል።

አዳፕተሩ ይህን ሁሉ ያቃልላል፤ ጣጣው ያለው ዳታ ማስገቢያዎቹ ላይ ነው። "አድ ሜኒ" አይዲው ቀድሞ ካለ አዲሱን ዝም ብሎ ይተወዋል፤ ስለዚህ ገጹ ሲታደስ የድሮው ዋጋ እንዳለ ይቀራል። "ሴት ኦል" ያለውን ሁሉ ጠርጎ ይተካል፤ ለሁለተኛው ገጽ ከተጠቀማችሁበት የመጀመሪያው ገጽ ይጠፋል። "አፕሰርት ሜኒ" ያዋህዳል፣ ግን ላይ ላዩን ብቻ፦ "አድራሻ" ውስጥ ከተማና ስልክ ኖረው ሰርቨሩ ከተማውን ብቻ ቢልክ፣ ስልኩ ይሰረዛል። ገጽ በገጽ ለሚመጣ ዝርዝር የሚሻለው ይሄኛው ነው፤ ሰርቨሩ ሙሉ ዕቃ እንዲልክ አድርጉ።

ሌላው ወጥመድ ዕቃዎቹን ሁሉ የሚያወጣው "ሰሌክት ኦል" ነው። አንድ ዕቃ ሲቀየር አዲስ አሬይ ስለሚመልስ ዝርዝሩ በሙሉ ዳግም ይሳላል። ዝርዝሩ አይዲዎችን ብቻ ይውሰድ፣ እያንዳንዱ መስመር የራሱን ዕቃ በ"ሰሌክት ባይ አይዲ" ያምጣ፣ መስመሩም ዕቃው ካልተቀየረ ዳግም እንዳይሳል በ"ሪአክት ሜሞ" ይጠቅለል። ሪአክት መስመሮችን ለሚለይበት "ኪ" አይዲውን ስጡ። በአሬዩ ውስጥ ያለውን ተራ ቁጥር ከሰጣችሁ ከመሃል አንድ መስመር ሲሰረዝ፣ ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ጽሑፍ ወደ ጎረቤቱ መስመር ይዛወራል። ከዩአርኤል የሚመጣ አይዲም ጽሑፍ መሆኑን አትርሱ፦ ኦብጀክቱ "7"ን ያገኘዋል፣ "አይዲስ" ውስጥ ግን ያለው ቁጥሩ 7 ከሆነ፣ አለ ወይ ብሎ የሚፈትሸው "ኢንክሉድስ" የለም ይላል።

ሰርቨራቸው በፒኤችፒ ለተጻፈ ሰዎች አዳፕተሩ አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። በ"አሬይ ፊልተር" የተጣራ ዝርዝር ተራ ቁጥሮቹ ስለሚዘሉ ወደ ጄሰን (ዳታ መላኪያ ቅርጸት) ሲቀየር ኦብጀክት ሆኖ ይመጣል፣ አሬይ የሚጠብቀው "ማፕ"ም ወዲያው ይሰበራል። አዳፕተሩ ግን ኦብጀክትም ይቀበላል። ያም ሆኖ መፍትሔው ሰርቨሩ ላይ ቁጥሮቹን ከዜሮ መልሶ የሚያስተካክለውን "አሬይ ቫልዩስ" መጨመር ነው፤ ቁልፎቹን ሳይቀይር በሚደረድረው "ዩኤሶርት" የተደረደረ ከሆነ ተራው መንገድ ላይ ይጠፋልና።

ከአገር ዝርዝር ወይም ከሜኑ ለማያልፍ፣ ተነብቦ ብቻ ለሚቀር ነገር አዳፕተሩ ትርፍ ድካም ነው፤ ተራ አሬይ ይበቃል። መስመሮቹ የሚታረሙና የሚሰረዙ ከሆነ ከ5 ነጥብ 4 እንሰጠዋለን። አንዱን ነጥብ ያስቀነሰው የአዳፕተሩ መደርደሪያ "ሶርት ኮምፓረር" ነው፦ አንድ አደራደር ብቻ ስለሚይዝ፣ ተጠቃሚው ራሱ የሚመርጠውን አደራደር ሰሌክተር (ዳታውን መርጦ የሚያወጣ ፈንክሽን) ውስጥ መሥራት ግድ ይላል። የአማርኛ ስም የምትደረድሩ ከሆነ ደግሞ ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ከማወዳደራችሁ በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ ከነዘሮቻቸው የሚለውጥ፣ ከዚያም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ የሚያመጣ ትንሽ ፈንክሽን አስገቡ። የሚለወጠው ለማወዳደሪያ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ።